ወርቅና ኩል በአንድ መርከብ

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ሙሽራ የሚያሰማምሩ ልጆች ወርቃማ አይሻዶ ቀብተው ጠርዙን በኩል ሲያጠቁሩ «የፈረንጅ ፋሽን!» የምትሉ ካላችሁ እስቲ ታገሱኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የግብጽዋ ንግሥት ሃትሼፕሱት ወደ ፑንት መርከቦች ላከች። ፑንት የት እንደነበረች እስከዛሬ ያከራክራል፤ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ግን ጣታቸውን ወደ አፍሪካ ቀንድ ይቀስራሉ። ታዲያ በዴር ኤል ባሕሪ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው የጭነት ዝርዝር ከዕጣኑና ከዝሆን ጥርሱ ሌላ ምን ይላል መሰላችሁ? ወርቅና የዓይን ኩል!

ችግሩ ወዲህ ነው። የጥንቱ ጥቁር ኩል በአብዛኛው ጋሌና ከሚባል የእርሳስ ማዕድን የሚፈጭ ነበር። ዛሬም ገበያ ላይ ከሚሸጠው የኩል ዱቄት እርሳስ ያለበት አለ፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ሙሽራዋስ ትኳል፣ ደግሞ ያምርባታል። የአራስ ልጅ ዓይን ግን ይቅር።