ምን ይዘፍን ይሆን? — ከአዝማሪ ቤት እስከ ቴሌቪዥን መድረክ

የድምፃውያን ውድድር በቴሌቪዥን በሚተላለፍበት ሰሞን በየሻይ ቤቱም፣ በየመሥሪያ ቤቱም፣ በየሳሎኑም አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ዛሬ ደግሞ ምን ይዘፍን ይሆን?» ይባላል። ጠያቂው መልስ አይጠብቅም፤ የራሱን ግምት ወዲያው ያስከትላል። እገሌ ድምፁ ጉልበት አለውና የጥላሁን ገሠሠን ይመርጣል፤ እገሊት ባለፈው ሳምንት ዳኞች «ስሜት ጎድሎሻል» ብለዋታልና በትዝታ ትመለሳለች፤ ያ ከገጠር የመጣው ልጅ ደግሞ ማሲንቆውን ይዞ ያገሩን ይጫወታል፤ ከዚያ ሌላ ወዴት ይሄዳል? ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሰምራል። በሰመረ ጊዜም ገማቹ ዘፈኑን ራሱ የዘፈነው ያህል ይኮራል።

ነገሩ የጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። ዳሩ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ቆም ብለን ብናየው ከሥሩ አንድ የታሪክ ጥያቄ አለ። ዘፋኝ አፉን ሳይከፍት የሚዘፍነውን ማወቅ የተቻለው ከመቼ ወዲህ ነው? አባቶቻችንስ እንዲህ ያለውን ግምት ያውቁት ነበርን? እኔ እንደማስበው አያውቁትም ነበር። እነርሱም ይገምቱ ነበር፤ የሚገምቱት ግን ሌላ ነገር ነው።

የጎንደርንና የደምቢያን ሠርግ ያየ ሰው አዝማሪን ያውቃል። በቆዳ የተለበጠች ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ያችኑ አንዲት የፈረስ ጭራ አውታር እየገዘገዘ በታዳሚው መካከል ይዞራል። ዜማው ለሁሉም የታወቀ ነው፤ አንዱ ዜማ ሌሊቱን ሙሉ ቢመላለስ የሚሰለች የለም። የማይታወቀው ቃሉ ነው። ከታዳሚው አንዱ ብድግ ይልና «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ አልብሶ ለጉባኤው ይመልሰዋል። ያ ስንኝ በላዩ ሙገሳ፣ በውስጡ ነቀፋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የታዳሚው ግምት የሚጀምረው ቃሉ ከተነገረ በኋላ ነው። ሰሙ ይህ ከሆነ ወርቁ የቱ ነው? የተነካው ማን ነው? አስተናጋጁ ይስቅ ይሆን ወይስ ይቆጣ? የግምቱ ጨዋታ በዘፈኑ ምርጫ ላይ ሳይሆን በትርጉሙ ላይ ነበር።

አዝማሪው ራሱ እንኳ ከአፍታ በኋላ የሚለውን አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የጉር አምባው አዝማሪ ነው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ደጃዝማች ካሳ ኃይሉና የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጉር አምባ ላይ ተገናኙ። በጎሹ ሰፈር የነበረ አንድ አዝማሪ የካሳን ጦር ማነስ አይቶ በካሳ ላይ የፌዝ ግጥም አወረደ። ጦርነቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም፤ ጎሹ ወደቁ፤ አዝማሪውም ተማረከ። እንደሚተረከው ካሳ አስቀርበው «ምን ነበር ያልከው?» ቢሉት፣ ያንን ለመድገም አፍሮ፣ እዚያው በቆመበት የገዛ አንደበቱን የሚወቅስ ሌላ ግጥም ገጠመ። ግጥሙ አላዳነውም፤ ተደብድቦ ሞተ ይባላል። ጠዋት የዘፈነውና ከድል በኋላ የዘፈነው ሰማይና ምድር ናቸው። በመካከላቸው የነበረውን ነገር ማንም ሊገምት አይችልም ነበር።

ከዚህ የከበደም አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ ፋሺስቱ ሹም አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየታደኑ እንዲረሸኑ ትእዛዝ ሰጥቷል። ምክንያቱ እነዚህ ሰዎች ባገር እየዞሩ የጣሊያን ግዛት ይፈርሳል የሚል ወሬና ትንቢት ይነዛሉ መባሉ ነው። ይህን ሳስብ የዘመኑ ጨዋታችን እንዴት እንደተገለበጠ ይታየኛል። ያኔ የሚተነብየው ዘፋኙ ነበር፤ ለትንቢቱም በደሙ ከፈለ። ዛሬ ዘፋኙ ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል፤ የምንተነብየው እኛ ነን፤ የምንተነብየውም እርሱኑ ነው።

ታዲያ ግልባጩ እንዴት መጣ? መልሱ በአንድ ጀንበር የሆነ ነገር አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር በሸክላ ላይ ድምፃቸውን ባስቀረጹ ጊዜ፣ በአማርኛ የተዘፈነ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዘፋኙ ተለይቶ ብቻውን መኖር ጀመረ። ያ ሸክላ ዛሬ ያለውን ነገ ይደግመዋል፤ አንዲት ቃል አይለውጥም። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ማኅበር ዘፋኙን ከአዳራሽ መድረክ ላይ አቆመው፤ ታዳሚውም ስንኝ ሰጪ መሆኑ ቀርቶ በወንበር ተቀምጦ አጨብጫቢ ሆነ። በ1960ዎቹ መግቢያ አምኃ እሸቴ የግል ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ በኋላም በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ሲያዳክምና ካሴት የሸክላን ቦታ ሲወርስ፣ ዘፈን በየቤቱ ገባ። አሁን እያንዳንዱ ዘፈን ባለቤት አለው፤ ይህ የጥላሁን ነው፤ ያ የማሕሙድ አሕመድ ነው፤ ይኼኛው የአስቴር አወቀ ነው። «የእገሌ ዘፈን» የሚለው አነጋገር ሥር የሰደደው ያኔ ይመስለኛል። ባለቤት ያለው ነገር ይቆጠራል፤ የሚቆጠር ነገር ደግሞ ይገመታል። ቀኑን ሁሉ በባንክ መስኮት ጀርባ ሒሳብ ስደምር የምውል ሰው ነኝና ይህችን ሕግ አሳምሬ አውቃታለሁ።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2001፣ አሜሪካውያን በ2002 ያስጀመሩት የአይዶል ውድድር ዓለምን ሲያዳርስ፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ ዓ.ም. እኛም ዘንድ የኢትዮጵያ አይዶል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ ባላገሩ አይዶል በ2000ዎቹ፣ ፋና ላምሮት በ2010ሮቹ ተከተሉ። ስማቸውና አቀራረባቸው ቢለያይም ሥርዓታቸው አንድ ነው፤ ወጣቱ ቀድሞ በሌላ ሰው የተዘፈነ፣ ሁሉም የሚያውቀው ዘፈን ይዞ ይመጣል፤ ከባንድ ጋር ይለማመዳል፤ ይዘፍናል፤ ዳኞች ከዋናው ዘፋኝ ጋር እያስተያዩ ይመዝኑታል።

የገማቹ ጥበብም ከዚሁ ሥርዓት ይወለዳል። ድምፁ ላይ ወጥቶ የማይሰበር ተወዳዳሪ የጥላሁንን ይደፍራል። ድምፅዋ የሚርገበገብ ተወዳዳሪ ወደ አስቴር ታዘነብላለች። አራቱ ቅኝቶችም ለገማቹ መንገድ ያሳዩታል፤ ትንፋሹ የረዘመ ትዝታን፣ የድምፁን ውጣ ውረድ ማሳየት የፈለገ አምባሰልን ወይም ባቲን፣ በራሱ እጅግ የተማመነ ደግሞ ለማስተካከል የምታስቸግረውን አንቺሆዬን ይመርጣል። ውድድሩ ሲጀመር ተወዳዳሪው ከልጅነት የሚያውቀውን ይዞ ይቀርባል፤ ቁጥሩ ሲመነምን አቅሙን የሚያሳይበትን፤ በመጨረሻው ምሽት አዳራሹን ከወንበሩ የሚያስነሣውን። ይህን ያጤነ ሰው ከአሥር ስድስት ሰባቱን ቢያገኝ አይገርምም።

በዚህ ሥርዓት ያተረፍነውን መካድ ግፍ ይሆናል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ያረፈው ጥላሁን፣ እርሱን በሕይወት ሳለ በመድረክ አይተውት በማያውቁ ወጣቶች አንደበት ዛሬም ይሰማል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ በሚቆጠርበት አገር፣ ዘፈን እወዳለሁ ማለት ከቤተሰብ በሚያጣላበት መንደር፣ ልጃቸው በቴሌቪዥን «ድምፃዊ» ተብሎ ሲጠራ አንገታቸውን ቀና ያደረጉ ወላጆች አሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጎንደር አካባቢ የአዝማሪዎች መንደር ተብላ የምትታወቀው ቡርቧክስ ሙያውን ከአባት ለልጅ ስታወርስ ኖራለች፤ ከሙያው ጋር ግን ንቀቱንም አብራ ስታወርስ ነው የኖረችው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ግምታችን ከጨዋታ አልፎ ልጓም እንዳይሆን ነው። ከቆላ ድባ ተነሥቶ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ለውድድር የሚሄድ አንድ ወጣት እናስብ። ስሙንና አገሩን በተናገረባት ቅጽበት ዘፈኑ ተመርጦለታል፤ እስክስታ ያለበት፣ ጀግና የሚያወሳ፣ ማሲንቆ የሚቀድመው። እርሱ ግን ያደገው በዚያ ብቻ አይደለም። ማለዳ ከደብሩ የሚወርደውን የቅዱስ ያሬድን ዜማ፣ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ሰምቷል፤ በሬዲዮ ማሕሙድን ሰምቷል፤ በስልኩ የውጭውንም ሰምቷል። ያን ሁሉ ሰምቶ አንዱን ብቻ እንዲዘፍን የሚጠበቅበት ለምንድን ነው? አስቴር አወቀ የተወለደችው ጎንደር ነው፤ ዘፈኖችዋን ከትውልድ ቦታዋ ተነሥቶ ሊገምት የሚችል ግን ማን ነበር? እጅጋየሁ ሽባባው ከቻግኒ ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አልበምዋ ያገርዋን ዜማ ከታላላቅ የአሜሪካ የጃዝ ሰዎች ጋር ታስማማለች ብሎ የገመተስ ነበርን? ሁለቱም ትልቅ የሆኑት የሰው ግምት ከቆመበት አልፈው በመሄዳቸው ነው።

ውድድሩ ራሱ በዚህ ረገድ ሁለት ነገር በአንድ አፍ ይጠይቃል። ዋናውን ዘፋኝ ያልመሰለ ተወዳዳሪ «አላወቅኸውም» ይባላል፤ አጥብቆ የመሰለው ደግሞ «የራስህ ቀለም የታለ?» ይባላል። ልጁ በሁለቱ መካከል ቀጭን ድልድይ ላይ ይሄዳል። የባላገሩ አይዶል የመጀመሪያው አሸናፊ ዳዊት ጽጌ በኋላ ላወጣው አልበም የሰጠው ስም «የኔ ዜማ» ነው። ለብዙ ጊዜ በሌሎች ዜማ ሲመዘን ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ መገመቱን እንተው አልልም፤ እኔም አልተውም። ነገር ግን የአባቶቻችንን ግምት ከእኛው ጋር ብናጣምረው መልካም ነው። «ምን ይዘፍን ይሆን?» ብለን ከጠየቅን በኋላ፣ ሲዘፍን ደግሞ «ይህን የመረጠው ለምን ይሆን? በዚህ ዘፈን ውስጥ ስለ ራሱ የሚነግረን ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሰሙ የሌላ ሰው ዘፈን ቢሆንም ወርቁ የልጁ ነውና። ግምታችን የሳተ ዕለትም አንበሳጭ፤ ያ ከደምቢያ የመጣ ልጅ ማሲንቆውን ትቶ ማንም ያልጠበቀውን ሲጀምር፣ «ያገርህን አትዘፍንም ወይ?» ከማለታችን በፊት እስኪጨርስ እንስማው። ምናልባት ያገሩ ዘፈን እሱ ይሆናል።