የናፍጣ አውቶሞቢል ጉልበትና የመንገድ ሕግ

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ የናፍጣ አውቶሞቢል ባለቤቶች ሞተራቸው ፋብሪካው ከሰጠው በላይ ጉልበት እንዲኖረው ያደረጉትን ጥረት፣ መንግሥታትም ይህን ጥረት በሕግ ለመወሰን የሠሩትን ሥራ በታሪክ መልክ መመርመር ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የጋራዥ እንጂ የታሪክ ጉዳይ አይመስልም። ዳሩ ግን አንድ ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ያለው መብትና ጎረቤቱ የሚተነፍሰው አየር የሚገናኙበትን ወሰን ስለሚያሳየን ልንንቀው አይገባንም። ምሳሌያችንን ይልቁንም ከጀርመን አገር እንወስዳለን፤ ሞተሩም፣ ሕጉም፣ በኋላ የተነሣውም ትልቅ ክርክር በብዛት ከዚያ አገር የመነጩ ናቸውና። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. የጉልበቱ ምንጭ

መሐንዲሱ ሩዶልፍ ዲዝል የፈጠራ መብቱን የጠየቀው በ1892 ነበር። በ1897 ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሬተር ሞተሩን በአውግስቡርግ ከተማ መርምረው ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 ያህሉን ወደ ሥራ እንደሚለውጥ አረጋገጡ። በዘመኑ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ከፍ ያለ ውጤት ነበር።

የዚህ ሞተር ጠባይ ከቤንዚን ሞተር ይለያል። ናፍጣው የሚቀጣጠለው በእሳት ብልጭታ ሳይሆን፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ታምቆ በጋለው አየር ነው። ስለዚህ ጉልበቱን የሚወስነው ፖምፓው በየጊዜው የሚረጨው የናፍጣ መጠን ነው። ከዚህም የተነሣ ፖምፓውን ጥቂት የከፈተ ሁሉ ወዲያውኑ ጉልበት ያገኛል። ነገር ግን ናፍጣው እየበዛ አየሩ ካልተጨመረ ያልተቃጠለው ከሰል ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ሙቀቱም ከመጠን ያልፍና ፒስተኑን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል።

ሁለተኛው መንገድ አየሩን መጨመር ነው። ስዊሳዊው አልፍሬድ ቢዩኺ በ1905 ባወጣው የፈጠራ መብት፣ በከንቱ የሚባክነው የጢስ ኃይል ተርባይን እንዲያዞርና ተርባይኑ አየር ወደ ሞተሩ እንዲገፋ አሰበ። ዛሬ ቱርቦ የምንለው መሣሪያ መነሻው ይህ ነው። በ1927 የቦሽ ኩባንያ የናፍጣ ፖምፓ በብዛት መሥራት ሲጀምር ሞተሩ ለተሽከርካሪ የሚመች ሆነ፤ በ1936ም መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለው የናፍጣ አውቶሞቢል በ45 የፈረስ ጉልበት ለገበያ ቀረበ።

፪. ከአንድ ሞተር የወጡ ሦስት ጉልበቶች

ይህን ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ የሚያስረዳን የመርሴዲስ ባለ አምስት ሲሊንደር፣ የሦስት ሊትር ሞተር ነው። ሞተሩ በ1974 ሲወጣ ጉልበቱ 80 ፈረስ ነበር። በ1976 መሐንዲሶቹ በዚሁ ሞተር ላይ ቱርቦና የአየር ማቀዝቀዣ ጨምረው 190 ፈረስ አወጡበት፤ ሲ 111 በተባለ የሙከራ አውቶሞቢል ላይ ገጥመውም በደቡብ ኢጣሊያ በናርዶ ሜዳ በሰዓት በአማካይ 250 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጡ የዓለም ሬኮርዶችን ሰበሩ። ነገር ግን በ1978 ቱርቦ ያለው ይኸው ሞተር 300 ኤስ ዲ በተባለው አውቶሞቢል ለሕዝብ ሲሸጥ ጉልበቱ 115 ያህል ብቻ ነበር።

መሐንዲሶቹ 190 ማውጣት ሲችሉ ስለ ምን 115 ሸጡ? በእኛ አስተያየት መልሱ እንዲህ ነው። የሬኮርድ አውቶሞቢል በባዶ ሜዳ ጥቂት ቀን ሮጦ ሥራው ያበቃል። የመንገድ አውቶሞቢል ግን ለብዙ ዓመታት ማገልገል፣ በከተማ መካከል መቆምና ለመንግሥት ምርመራ መቅረብ አለበት። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የመሐንዲሶቹ ድካም ሳይሆን፣ ለዕድሜና ለሰላም የተከፈለ ዋጋ ነው።

በዚያ ዘመን ጉልበት የፈለገ ባለ መኪና መካኒኩ በካቻቢቴ የፖምፓውን ብሎን እንዲያዞርለት ያደርግ ነበር። መካኒኩ ካበዛው ከማርሚታው የሚወጣው ጥቁር ጢስ በአደባባይ ይመሰክርበታል። ከ1989 ጀምሮ ግን፣ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የነበረው አውዲ 100 ቲ ዲ አይ ከወጣ በኋላ፣ ብሎኑ ቀስ በቀስ በኮምፒዩተር ውስጥ ለተጻፉ ቁጥሮች ቦታውን ለቀቀ። ዛሬ ባለሙያው ቁጥሮቹን ሲለውጥ የናፍጣውም፣ የአየሩም መጠን አብሮ ይለወጣል፤ የሚወጣውንም ከሰል የጢስ ማጣሪያው ስለሚይዘው ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። በዚህም ምክንያት የቀድሞው ምስክር ጠፋ።

፫. ሕጉ የሚጠይቀው

የጀርመን የመንገድ ተሽከርካሪዎች ደንብ የወጣው በ1937 ነው፤ በየጊዜው የሚደረገው የግዴታ ምርመራ በ1951 ተጀመረ፤ የናፍጣ አውቶሞቢሎች የጢስ ምርመራም በ1993 ተጨመረ። በደንቡ አንቀጽ 19 መሠረት አንድ ለውጥ በፈቃድ የተወሰነውን የተሽከርካሪ ዓይነት የሚለውጥ፣ በመንገደኞች ላይ አደጋ የሚያስከትል፣ ወይም ጢሱንና ድምፁን የሚያከፋ ከሆነ የመንገድ ፈቃዱ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ይህ አንቀጽ ለባለቤቱ የፈረስ ጉልበት ጣሪያ አላበጀለትም። የሚጠይቀው ለውጡ እንዲመረመርና እንዲመዘገብ ነው። ባለቤቱ የባለሙያ ማስረጃ ያለው ዕቃ ወይም ማስተካከያ ያስገጥማል፤ መርማሪው ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ድምፁና ጢሱ ለአዲሱ ጉልበት የሚስማሙ መሆናቸውን ያያል፤ ከዚያም አዲሱ ጉልበት በመኪናው ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ለኢንሹራንሱም ይነገራል። ስለዚህ ጉልበትና ሕግ ጠላቶች አይደሉም፤ የሕግ ጠላት የተደበቀ ጉልበት ነው።

ምርመራው ከብልሃቱ ኋላ መቅረቱን የእንግሊዝ ምሳሌ ያሳየናል። በዚያ አገር አንዳንድ ሰዎች የጢስ ማጣሪያውን አውጥተው ሲጥሉ መኪናው የጢሱን መለኪያ ሊያልፍ ይችል ነበር። ከየካቲት 2014 ጀምሮ ግን መርማሪዎች ማጣሪያው በቦታው መኖሩን በዓይናቸው እንዲያዩ፣ የጎደለውንም እንዲጥሉ ታዘዙ።

፬. ፋብሪካውስ?

በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የፎልክስዋገን ኩባንያ የናፍጣ አውቶሞቢሎች በምርመራ ክፍል ንጹሕ መስለው፣ በመንገድ ላይ ግን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚያወጡ መሆናቸውን አስታወቀ። ነገሩ በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን የሚነካ ሆኖ ተገኘ፤ ኩባንያውም በ2017 ጥፋቱን አምኖ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የወንጀል መቀጫ ተፈረደበት።

«ፋብሪካው ራሱ እንዲህ ካደረገ፣ እኛ ስለ ምን እንመረመራለን?» የሚል ባለ መኪና ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ነውና። ሆኖም ያው መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ጽሑፍ፣ በቀደሙት አሥር ዓመታት ገደማ በአሜሪካ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒክአፖች የጢስ መከላከያቸው እንደ ተነቀለ ገምቷል። እያንዳንዱ ባለቤት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን እንደ ኩባንያው ትልቅ ይሆናል። የፋብሪካው ማታለልም የሚያስረዳው ምርመራው ወደ ላይም እንዲደርስ እንጂ ከታች እንዲቀር አይደለም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ ናፍጣ ሞተር ከተፈጠረ ጀምሮ ጉልበት መጨመር ራሱ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ቢዩኺም የናርዶ መሐንዲሶችም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። የተለወጠው ምስክሩ ነው። ድሮ ጥቁሩ ጢስ ጥፋቱን ለአላፊ አግዳሚው ይናገር ነበር፤ ዛሬ ግን ጥፋቱ ዓይን በማያየው ቁጥርና ጋዝ ውስጥ ተሰውሯል። ስለዚህ መርማሪውና ወረቀቱ በጢሱ ፈንታ የቆሙ ምስክሮች ናቸው። እነርሱን የሸሸ ባለ መኪና ያተረፈው የፈረስ ጉልበት ቢኖርም፣ ዋጋውን የሚከፍለው ከመኪናው ኋላ ቆሞ የሚተነፍሰው ሰው ነው።