የቅርብ ኃላፊ ጊዜ (እንግሊዝኛ)

የቅርብ ኃላፊ ጊዜ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ቀደም ብሎ የተፈጸመን ወይም የተጀመረን ድርጊት ከአሁኑ ጊዜ ጋር የሚያያይዝ የግሥ ቅርጽ ነው። በአማርኛ «በልቷል»፣ «መጥታለች» ከሚሉት ቅርጾች ጋር ይቀራረባል፤ ሆኖም ሁለቱ ሁልጊዜ አይተካኩም። እንደ «ደክሞኛል» ያሉ የአማርኛ ግሦች በእንግሊዝኛ በቅጽል ስለሚገለጹ፣ ይህን ጊዜ ከቅጽሎች ጋር አብሮ መከለስ ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ይጠቅማል።

አሠራር

ቅርጹ የሚሠራው ከረዳት ግሥና በትምህርት ቤት «ቨርብ ስሪ» ከሚባለው የዋናው ግሥ ሦስተኛ ቅርጽ ነው። ረዳት ግሡ ለ«ሂ»፣ ለ«ሺ» እና ለ«ኢት» «ሃዝ»፣ ለሌሎቹ ተውላጠ ስሞች «ሃቭ» ነው። የመደበኛ ግሦች ሁለተኛና ሦስተኛ ቅርጽ አንድ ነው፤ «ፕሌይ» በሁለቱም «ፕሌይድ» ይሆናል። እንደ «ጎ»፣ «ዌንት»፣ «ጎን» ያሉት ኢመደበኛ ግሦች ግን በቃል ይጠናሉ።

አጠቃቀም

* ውጤቱ አሁንም ላለ ድርጊት፦ «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ» ማለት «ቁልፌ ጠፍቶብኛል» ነው፤ ቁልፉ እስካሁን አልተገኘም።
* ለሕይወት ልምድ፦ አማርኛ እዚህ ላይ «ያውቃል» የሚለውን ግሥ ይጠቀማል። «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ጎንደር?» ማለት «ጎንደር ሄደህ ታውቃለህ?» ነው። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ጎንደር» ግን ሄዷል፣ ገና አልተመለሰም ማለት ነው።
* ተጀምሮ ላላቆመ ሁኔታ፦ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ማለት «እዚህ መኖር ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ» ነው። «ፎር» የጊዜውን ርዝመት፣ «ሲንስ» መነሻውን ያሳያል።

ከጊዜ ገላጭ ቃላት ጋር

በአማርኛ «ትናንት መጥቷል» ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ ግን ያለፈና ያበቃ ጊዜን ከሚጠቅስ ቃል ጋር ይህ ቅርጽ አይገባም። ስለዚህ «ሂ ሃዝ ካም የስተርደይ» ስሕተት ነው፤ ትክክሉ «ሂ ኬም የስተርደይ» ነው። «ቱደይ» እና «ዚስ ዊክ» ገና ያላለቀ ጊዜን ሊያሳዩ ስለሚችሉ ይፈቀዳሉ።

አሉታም ያደናግራል። አማርኛ ለ«መጣ»ም ለ«መጥቷል»ም አሉታው «አልመጣም» ነው። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል፤ «ትናንት አልመጣም» «ሂ ዲድንት ካም የስተርደይ» ሲሆን፣ «ገና አልመጣም» «ሂ ሃዝንት ካም የት» ይሆናል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ግን «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ» ወይም «የት» ባለበት ዓረፍተ ነገር ተራውን ኃላፊ ጊዜ መጠቀምም የተለመደ ነው።

ከቅጽሎች ጋር ያለው ግንኙነት

የሚከተሉት የአማርኛ አባባሎች ቅርጻቸው የቅርብ ኃላፊ ቢሆንም የሚናገሩት ስለ አሁኑ ሁኔታ ነው። በእንግሊዝኛ በቅጽል ይገለጻሉ፦

* ደክሞኛል፦ «አይ አም ታየርድ»
* ርቦኛል፦ «አይ አም ሃንግሪ»
* ሰልችቶኛል፦ «አይ አም ቦርድ»

«በሩ ተዘግቷል» ሁለት ትርጉም አለው። የበሩን ሁኔታ ለመናገር «ዘ ዶር ኢዝ ክሎዝድ»፣ የመዘጋቱን ድርጊት ለመናገር «ዘ ዶር ሃዝ ቢን ክሎዝድ» ይባላል።

እንደ «ቦርድ» ያሉ ከግሥ ሦስተኛ ቅርጽ የሚወጡ ቅጽሎች ስሜቱ የተሰማውን፣ በ«ኢንግ» የሚያልቁት ደግሞ ስሜቱን የሚፈጥረውን ይገልጻሉ። ስለዚህ «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ተማሪ «ሰልችቶኛል» ሳይሆን «አሰልቺ ነኝ» ብሏል።

የእንግሊዝኛ ቅጽል እንደ አማርኛው ከስም በፊት ይመጣል፤ ነገር ግን በቁጥር አይለወጥም። አማርኛ «ትልቅ ቤት» እና «ትልልቅ ቤቶች» ሲል፣ በእንግሊዝኛ «ቢግ» ባለበት ይቀራል፤ ብዙ ቁጥሩን የሚያሳየው ስሙ ብቻ ነው።