መነጽር ወይስ ጠረጴዛ፤ በራስ ላይ የሚጠለቅ ስክሪን ለዕለት ሥራ የታሰበበት ታሪክ

የመሣሪያዎችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያሸነፈውን መሣሪያ ብቻ ተከትለው ይሄዳሉ። የተሸነፈው፥ ወይም ገና ተራው ያልደረሰው፥ በታሪኩ ዳር ይቀራል። ይህ አጭር ጥናት የሚመለከተው እንዲህ በዳር የቀረ አንድ አሳብ ነው፤ ይኸውም ሰው ኮምፒዩተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከማየት ይልቅ ስክሪኑን በዓይኑ ፊት አስሮ ደብዳቤውንም፥ ሒሳቡንም፥ ምርምሩንም በዚያ ውስጥ እንዲሠራ የማድረግ አሳብ ነው። ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው ይህ ጥበብ በጨዋታና በወታደር ማሠልጠኛ በኩል ስሙ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ስለዚያ ወገን እዚህ አንጽፍም። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩን መነሻ ለማግኘት ወደ 1968 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የኮምፒዩተር ሊቃውንት ጉባኤ ተደርጎ ነበር። በዚህ አንድ ጉባኤ ላይ የሁለት ልዩ ልዩ መንገዶች መጀመሪያ መታየቱን ብዙ ሰው ልብ ያለው አይመስለንም። በመጀመሪያው መንገድ የመጣው ዳግላስ ኤንግልባርት ነው። እርሱም በአንድ ሺህ በሚያህሉ ተመልካቾች ፊት ተቀምጦ፥ ለዘጠና ደቂቃ ያህል፥ በእጁ ማውስ እያንቀሳቀሰ ጽሑፍ ሲያርም፥ ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው ሲዘልና በሩቅ ካለ ባልደረባው ጋር በምስል ሲነጋገር አሳየ። በሁለተኛው መንገድ የመጣው ኢቫን ሰዘርላንድ ነው፤ በራስ ላይ ስለሚጠለቅ ባለ ሦስት ልኬት ማሳያ የጻፈው ጥናት በዚያው ጉባኤ መዝገብ ውስጥ ታትሟል። የሁለቱም ምርምር ከአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት ከአርፓ ገንዘብ ረድኤት አግኝቷል፤ ሰዘርላንድ ራሱም ቀደም ብሎ በዚያ ድርጅት የኮምፒዩተር ምርምር ክፍል ኃላፊ ነበረ። ስለዚህ ሁለቱ አሳቦች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የሰዘርላንድ መሣሪያ ምን ይመስል ነበር? በሁለቱ ዓይኖች አጠገብ ሁለት ትንንሽ የቴሌቪዥን ቱቦ የሚመስሉ ማሳያዎች ነበሩ። ምስሉ በከፊል በሚያሳልፍ መስተዋት አማካይነት ወደ ዓይን ስለሚመጣ፥ ተመልካቹ ክፍሉንም ምስሉንም በአንድነት ያይ ነበር። ያየውም ቀለም የተቀባ ዓለም ሳይሆን የብርሃን መስመሮች ብቻ ነበሩ። ራሱን ባዞረ ጊዜ ምስሉ እንደ እውነተኛ ዕቃ ቦታውን እንዲጠብቅ፥ ከኮርኒስ የተንጠለጠለ የብረት ክንድ የራሱን አቀማመጥ እየለካ ለኮምፒዩተሩ ያስታውቅ ነበር። ይህ ክንድ በራስ በላይ እንደ ተሰቀለው እንደ ጥንቱ ተረት ሰይፍ «የዳሞክሊስ ሰይፍ» ተብሎ ተጠራ። በሥራው የረዳው ሮበርት ስፕሮል ገና ተማሪ እንደ ነበረ መጥቀሱ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ከሁለቱ መንገዶች ፈጥኖ ወደ ቢሮ የገባው የኤንግልባርት ነው። የዜሮክስ ኩባንያ በ1973 የሠራው አልቶ የተባለው ኮምፒዩተር፥ ስክሪኑ 606 በ808 ነጥብ ሆኖ እንደ ወረቀት ቁመቱ ከወርዱ የበለጠ ነበር። መስኮት፥ ፋይል፥ ዶሴ፥ የቆሻሻ ቅርጫት የሚባሉት ምልክቶች ሁሉ ከጠረጴዛ የተወሰዱ ናቸው። እኛ እንደሚመስለን ይህ መንገድ ያሸነፈው የጸሐፊውን ልማድ ስላልነካ ነው፤ ወንበሩም፥ ጠረጴዛውም፥ ጎረቤቱም እንዳሉ ቀሩ።

ሌላው መንገድ ግን ለብዙ ዘመን በቤተ ሙከራ ተወስኖ ቆየ። በ1980ዎቹ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ በካሊፎርንያ በሚገኘው በኤምስ ማዕከሉ ከኪስ ቴሌቪዥን በተወሰዱ ስክሪኖች መነጽር ሠራ፤ የጃሮን ላኒየር ኩባንያ ቪ ፒ ኤል ደግሞ መነጽሩንና የእጅ ጓንቱን ለገበያ አቀረበ። በ1992 የቦይንግ ኩባንያ ሁለት ተመራማሪዎች አውሮፕላን ለሚሠሩ ሠራተኞች የሽቦውን አቀማመጥ በዓይናቸው ፊት የሚያሳይ መሣሪያ አቀዱ። እነዚህን በአጭሩ ማለፋችን፥ አንዳቸውም ስለ ተራ የጽሕፈት ሥራ ያልታሰቡ ስለ ሆኑ ነው። ለእኛ ጥናት ከሁሉ የሚበልጠው በ1993 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በስቲቨን ፋይነርና በባልደረቦቹ የተሠራው ነው። እነርሱ የተለመዱትን የኮምፒዩተር መስኮቶች ወስደው በራስ ላይ በሚጠለቅ ማሳያ ውስጥ፥ በሠራተኛው ዙሪያ በአየር ላይ ሰቀሏቸው። አንዱ መስኮት ከራስ ጋር ይዞራል፤ አንዱ በቦታው ይቆማል፤ አንዱ ከአንድ ዕቃ ጋር ተያይዞ ዕቃው በሄደበት ይሄዳል። ዛሬ እንደ አዲስ ነገር የሚሸጠው አሳብ በዚያን ጊዜ ተጽፎ አልቆ ነበር።

በዚህ መካከል ብርቱ ተቃዋሚ መነሣቱን ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። የዜሮክሱ ማርክ ዋይዘር በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ሰውን ወደ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ለማስገባት ይደክማል፤ የሚበጀው ግን ኮምፒዩተሩ ወደ ሰው ዓለም ወጥቶ ከዕቃዎች ጋር ተቀላቅሎ እንዳይታይ መሆን ነው የሚል አሳብ አቀረበ። እርሱ ከተናገረ ወዲህ ኮምፒዩተር በኪስ፥ በሰዓትና በበር ደወል ውስጥ ገብቷል። የዋይዘር ወገን እስካሁን በብዙ እንደ ቀደመ ለመመስከር የእጅ ስልካችንን ማየት ይበቃል።

የሚገርመው ግን የመነጽሩን መንገድ እንደገና የከፈተው ይኸው የእጅ ስልክ መሆኑ ነው። ለስልክ የተሠሩ ትንንሽና ርካሽ ስክሪኖች በመብዛታቸው፥ ኦኩለስ የተባለው ኩባንያ በ2012 ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስቦ ሥራ ጀመረ፤ በ2014ም ፌስቡክ በሁለት ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሠራተኛውን ከቢሮ ባስወጣ ጊዜ የዕለት ሥራ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ፌስቡክ በነሐሴ 2021 ሠራተኞች በምስል አካል በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበሰቡበትን «ሆራይዘን ወርክሩምስ» አወጣ። በጥቅምት 2022 ለሥራ ታስቦ 1,500 ዶላር ያህል የተተመነው ኩዌስት ፕሮ ገና ስድስት ወር ሳይሞላው ዋጋው ወደ 1,000 ዶላር ወረደ። በየካቲት 2024 ደግሞ አፕል ቪዥን ፕሮ የተባለውን መነጽር በ3,499 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ ይህም የማክ ኮምፒዩተርን ስክሪን አስፍቶ በአየር ላይ ያሳያል። ሲወጣ ክብደቱ ከ600 ግራም በላይ ነበር፤ ባትሪውም ለብቻው በገመድ ተያይዞ በኪስ የሚያዝና ሁለት ሰዓት ያህል የሚሠራ ነው። የኮርኒሱ ክንድ ቀርቶ ገመዱ ወደ ኪስ ወረደ ማለት ነው።

እንግዲህ ሥራው ራሱ ምን ይጠይቃል? የቢሮ ሥራ በአብዛኛው ፊደል ማንበብ ነው። ቁመቷ ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነች ፊደል ከ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስትታይ፥ ከአንድ ዲግሪ ሲሶ ጥቂት ያነሰ ቦታ ትይዛለች። ጤነኛ ዓይን በአንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ያህል ነጥቦችን ሊለይ ይችላል፤ ተራ የሆነ የ24 ኢንች ስክሪን በዚህ ርቀት 38 ያህል ይሰጣል፤ የ2020ው ኩዌስት 2 ግን የሚሰጠው 20 ያህል ብቻ ነበር። በዚህ ሒሳብ ያችው ፊደል በመነጽሩ ውስጥ በስድስት ነጥብ ቁመት መሣል አለባት። ለላቲን ፊደል ይህ በችግር ይበቃ ይሆናል። በእኛ ፊደል ግን «በ» እና «ቡ»፥ «ለ» እና «ሉ» የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ስለ ሆነ፥ ቅጥያዋ ከአንድ ነጥብ ብታንስ ቃሉ ሌላ ይሆናል። ፊደሉን ማተለቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሰፊ ነው የተባለው ስክሪን መልሶ ይጠባል። አዲሶቹ መነጽሮች ወደ ተራው ስክሪን መጠን እየቀረቡ ስለ ሆነ ይህ ችግር በጊዜ የሚፈታ ይመስላል።

በቀላሉ የማይፈታው የዓይን ነገር ነው። ሰው ቅርብ ያለ ዕቃ ሲያይ ሁለቱ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ በዚያው መጠን የዓይኑ ሌንስ ይወፍራል። በመነጽሩ ውስጥ ግን ዓይኖቹ ምስሉ ቀረበም ራቀም እንደዚያው ሲዞሩ፥ የሌንሱ ትኩረት በአንድ ርቀት ተወስኖ ይቀራል። ሁለቱ የለመዱት ስምምነት ሲፈርስ ድካምና ራስ ምታት ይመጣል።

ይህን ሁሉ በግምት ሳይሆን በሙከራ ለማየት፥ በጀርመን የኮቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በ2022 ጥሩ ጥናት አቀረቡ። ሰዎቹ አንድ ሳምንት ሙሉ በመነጽር፥ አንድ ሳምንት በተራ ስክሪን የየራሳቸውን ሥራ እንዲሠሩ ተደረገ። ከጀመሩት 18 ሰዎች ሁለቱ በሕመም ምክንያት በመጀመሪያው ቀን ተዉት። የቀሩት 16ቱ ሳምንቱን ጨረሱ፤ በመነጽሩ ሳምንት የሥራው ክብደት፥ ብስጭቱና የዓይን ድካሙ ከተራው ሳምንት በጣም በልጦ ተገኘ። ሳምንቱ ሲገፋ ግን በከፊል እየለመዱት ሄዱ።

ከዚህ ተነሥቶ መነጽሩ ከንቱ ነው ማለት ችኮላ ነው። በጠባብ ክፍል ከሦስት ሰው ጋር የሚኖር፥ ሁለተኛ ስክሪን የሚያስቀምጥበት ጠረጴዛ የሌለው ተማሪ፥ ወይም በአውሮፕላን ረጅም መንገድ የሚሄድ ሠራተኛ፥ ከነድካሙም ቢሆን ሊመርጠው ይችላል። ጥያቄው ስክሪኑ ስንት ነው ብቻ ሳይሆን ሥራው ከማን ጋር ይሠራል የሚልም ነው። ኤንግልባርት በ1968 ያሳየው አንድ ሰው ብቻውን ሲጽፍ አልነበረም፤ ከባልደረባው ጋር በአንድ ጽሑፍ ላይ ሲሠራ ነበር። ፊቱን በጭንብል የሸፈነ ሰው ግን አጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው ቀና ብሎ «ይህን እየው» ማለት አይችልም፤ ጓደኛውም ሥራ ላይ መሆኑንና አለመሆኑን ከዓይኑ ማንበብ አይችልም። አፕል በቪዥን ፕሮ ፊት ላይ የባለቤቱን ዓይን የሚያሳይ ስክሪን መለጠፉ ይህን ችግር ማወቁን ያሳያል።

ከላይ የተጠቀሰው የኮቡርጉ ሙከራ በምስል የተቀረጸ ነበር፤ ከ550 ሰዓት የሚበልጠው ቀረጻ ኋላ ተመርምሮ፥ ሠራተኞቹ ሲጽፉ ብቻ ሳይሆን መነጽሩን በእጃቸው ደገፍ ሲያደርጉ፥ ሲያስተካክሉና ከነመነጽሩ ውሃ ሲጠጡ ያደረጉት ሁሉ ተመዘገበ።