ለጥፋት የተነሣው ፎቶግራፍ ለታሪክ ምስክር ሲቆም

በምሥራቅ እንግሊዝ በኖርፎክና በሊንከንሺር አውራጃዎች ላይ ከአየር የተነሣውን ፎቶግራፍ አተኩሮ ለሚመለከት ሰው፣ ከስንዴው ማሳና ከቍጥቋጦው አጥር ሥርዓት ጋር የማይስማሙ ሦስት ረዣዥም ቀጥተኛ መሥመሮች እርስ በርሳቸው ተቋርጠው ይታዩታል፤ እነዚህም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተሠርተው፣ ሰላም ሲወርድ የተተዉ የአይሮፕላን ማረፊያዎች ርዝራዦች ናቸው። የእያንዳንዱን ስም፣ የተሠራበትን ዘመንና የዋለበትን አገልግሎት ከፎቶግራፍ መርምሮ መለየትን፣ ያለ ደመወዝና ያለ ሹመት፣ ለዕውቀት ፍቅር ብቻ የያዙ ሰዎች በዚያ አገር ብዙ ናቸው። ሥራቸው የዕረፍት ቀን ጨዋታ ቢመስልም ጥበቡ ከጦር ሜዳ የተወለደ ነው፤ ሌላው ለማፍረስ ሲል የፈለገውን ምልክት እነርሱ እንዳይጠፋ ሲሉ ይፈልጉታልና።

ከዚህ ጥበብ አባቶች አንዱ ኦ. ጂ. ኤስ. ክሮፎርድ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ የአየር ጓድ ውስጥ፣ ከአይሮፕላን ላይ ሆኖ የጠላትን ምሽግ የሚቃኝ መኰንን ነበረ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1920፣ በአገሩ የካርታ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው የሥነ ቅርስ ሹም ሆኖ ሲገባ፣ ምሽግ መፈለግ የለመደው ያው ዓይኑ የጥንት ሰዎች የቈፈሯቸውን ቦዮችና የእርሻቸውን ድንበር ያይ ጀመር፤ በ1928ም ከአሌክሳንደር ኬይለር ጋር ሆኖ የዌሴክስን ምድር ከአየር የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተመ። ያስተማረውም ይህን ነው፦ በተደፈነ ቦይ ላይ የበቀለ እህል ሥሩ ርጥበት ስለሚያገኝ ለምልሞ ይረዝማል፤ በተቀበረ ድንጋይ ላይ የበቀለው ግን ዝናብ ሲጠፋ ቀድሞ ይገረጣል፤ ፀሐይም ስታዘቀዝቅ ትንሿ ጉብታ ሳትቀር ጥላዋን ትጥላለች።

በሁለተኛው ጦርነት ይህ ንባብ ወደ ቀድሞ ግብሩ ተመለሰ። ጀርመኖች የእንግሊዝን ማረፊያዎች ለመደብደብ ሲሉ በፎቶግራፍ ሲያነሡ፣ እንግሊዞችም በቴምዝ ወንዝ አጠገብ በሜድመናም የጀርመንን ምድር ከፎቶግራፍ የሚያነቡ ወንዶችና ሴቶች ሰበሰቡ፤ ኮንስታንስ ባቢንግተን ስሚዝ የተባለችው መኰንን በ1943 በፔነሙንደ ፎቶግራፍ ላይ፣ በማስወንጨፊያው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ሰው አልባ በራሪ ቦምብ የለየችው በዚያ ስፍራ ነበረ። ይሁን እንጂ አንባቢ ባለበት አሳሳችም አይታጣምና፣ እንግሊዞች በሃንጋሩ ጣራና በሣሩ ሜዳ ላይ የአጥር መሥመር እየቀቡ እውነተኛውን ማረፊያ ሰወሩ፤ በኮሎኔል ጆን ተርነር መሪነትም የይምሰል አይሮፕላኖች የተደረደሩባቸውን ሐሰተኛ ማረፊያዎች አቆሙ። ስለዚህ የፎቶግራፍ አንባቢ፣ እንደ መጻሕፍት ትርጓሜ መምህር፣ አንዱን ምልክት «አንድም» እያለ በየመልኩ ሳይፈታ ፍርድ አይሰጥም።

ይህን ሥራ የያዘ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ቅርጹን ነው። ከጦርነቱ በፊት አብዛኞቹ ማረፊያዎች የሣር ሜዳዎች ነበሩ፤ ከባድ ቦምብ ጣዮች ሲበዙ ግን የአየር ሚኒስቴሩ ዋናው ማኮብኮቢያ 2,000 ያርድ፣ ሁለቱ ረዳቶቹ 1,400 ያርድ ርዝመት፣ ሦስቱም 50 ያርድ ስፋት እንዲኖራቸው፣ ዋናውም በዚያ አገር ለሚያዘወትረው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ፊት እንዲሰጥ ሥርዓት አወጣ። በዙሪያው መንገድ ዳር ያሉት የአይሮፕላን ማቆሚያዎች መጥበሻ በሚባለው ክብ ቅርጽ ከተሠሩ ቀደም ያለ ሥራ መሆኑን፣ እንደ መነጽር ጥንድ ቀለበት ከሆኑ ደግሞ የኋለኛው ዘመን መሆኑን ያመለክታሉ። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ 700 የሚጠጉት ማረፊያዎች ዕጣ ልዩ ልዩ ሆነ፤ የአንዳንዱ ኮንክሪት ተፈልጦ ለአውራ ጐዳና መሠረት ዋለ፣ በአንዳንዱ ላይ የዶሮ ቤቶች ተሰለፉ፣ የሲልቨርስቶን ማረፊያ ደግሞ ከ1948 ጀምሮ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ሆነ። ኮንክሪቱ ጨርሶ በተነሣበት ስፍራ እንኳ፣ በደረቅ በጋ እህሉ ገርጥቶ ሦስቱን መሥመሮች ይገልጣቸዋል፤ የክሮፎርድም ትምህርት እርሱ ላላሰበው ቅርስ እንዲህ አገለገለ። ለመደብደብ የተነሡትና በድል ጊዜ የተማረኩት የጀርመን ፎቶግራፎችም በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠው፣ ማረፊያዎቹ በአገልግሎት ዘመናቸው ምን ይመስሉ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ 12 ቀን፣ አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ ከጅቡቲ ያመጣት ፖቴዝ 25 አይሮፕላን ያረፈችው በገፈርሳ ሜዳ ነበረ፤ በ1938 ዓ.ም. መጋቢት 30 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ ጉዞ ከልደታ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አመራ፤ የጄት ዘመን ሲመጣም መንገደኛው ወደ ቦሌ ዞረ፣ የቀድሞው ሰፈር ኦልድ ኤርፖርት በሚለው ስሙ ቀረ። ኢጣልያኖችም በወረራው ዘመን አገራችንን ለመያዝና ለመግዛት ሲሉ ያነሧቸው ከ30,000 የሚበልጡ የአየር ፎቶግራፎች፣ ከብዙ ዘመን በኋላ አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ተገኝተው፣ ሊቃውንት የዚያን ጊዜውን ደን፣ እርሻና መንደር ከዛሬው ጋር ያስተያዩባቸዋል። ያንኑ ንባብ ወደ ቀደሙት ማረፊያዎቻችን ማዞር የሚቻል ነገር ነው፤ ነገር ግን ኮንክሪት ያልፈሰሰበት የሣር ሜዳ በእህል መገርጣት ስለማይገለጥ፣ እዚህ ፎቶግራፉ ብቻውን አይበቃም፤ የደብዳቤና የመዝገብ ምስክርነት፣ የአካባቢው ሽማግሌ ከአባቱ የሰማው ቃልም ሊታከልበት ይገባል። ፎቶግራፉን ያነሣው ሰው አሳብ ከዘመኑ ጋር አልፏል፤ ምድሪቱ ግን የእኛ ናትና፣ በጠላት እጅ የተሣለውን መልኳን አንብቦ የመተርጐም ዕዳም የእኛው ነው።