«ተመርምሬ ነፃ ሆኛለሁ» ምን ያህል ያሳምናል?

አንድ አትሌት «ተመርምሬ ምንም አልተገኘብኝም» ሲል ስሰማ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ኢፒኦ ነው። ኢፒኦ ከኩላሊት የሚመነጭ፣ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲመረቱ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። ሰው ሠራሹ በመርፌ ሲወሰድ ደም ብዙ ኦክስጅን ይሸከማል፤ ደሙ ሲወፍር ግን ልብና አንጎል ለአደጋ ይጋለጣሉ።

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ1990 ቢያግድም፣ ምርመራው በኦሊምፒክ የተጀመረው በ2000 በሲድኒ ነበር። በሽንት የሚገኘው ለጥቂት ቀናት ብቻ ሲሆን ጥቅሙ ግን ለሳምንታት ይዘልቃል። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ ለዓመታት የተሟገተው የምርመራ ውጤቱን ይዞ ነበር። በ2012 ሰባት የቱር ደ ፍራንስ ድሎቹን ሲነጠቅ ግን የቡድን ጓደኞቹ ምስክርነት ወሳኝ ነበር፤ በ2013 ራሱም አመነ።

የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ (ዋዳ) በ2009 ያጸደቀው የአትሌት ባዮሎጂያዊ ፓስፖርት የሚፈልገው መድኃኒቱን ሳይሆን በደም ላይ የተወውን ምልክት ነው። አትሌቱን የሚያነጻጽረው በዋናነት ከራሱ የቀድሞ ውጤቶች ጋር ነው። ከፍታ ላይ መኖር በራሱ ቀይ ሕዋሳትን ስለሚጨምር፣ ይህ አሠራር ለእኛ ሯጮች ፍትሐዊ ነው። በእኔ እምነት ንጹሑን አትሌት ይበልጥ የሚከላከልለት የአንድ ቀን ውጤት ሳይሆን የዓመታት መዝገብ ነው።