ላለፈ ክረምት የተሠራ ቤት

«ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይላሉ አባቶቻችን። ያለፈውን ትተህ ለሚመጣው ተዘጋጅ ማለታቸው ነው። ዓለም ግን ይህን ምክር የሰማች አትመስልም። ላለፈ ክረምት ቤት መሥራት በዘመናችን ደህና ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ሆኗል። ያለፈውን ዘመን ወንበር፣ መብራት፣ ዘፈንና ምግብ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ «ግቡና ትዝ ይበላችሁ» ማለት ነው ንግዱ። የሚገርመው ታዲያ ደንበኛው ያንን ክረምት ያሳለፈ ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። ያን ጊዜ ያልተወለደውም፣ በዚያ አገር ያልኖረውም ከፍሎ ይናፍቃል።

እንዲህ ያለ ቤት ለንደን ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ። በርገር ቤት ነው፤ አሜሪካኖቹ «ዳይነር» የሚሉት ዓይነት። ውጪው የለንደን ደመናና ካፊያ ነው፤ በሩን ገፋ ሲያደርጉት ግን አሜሪካ፣ ያውም የ1950ዎቹ አሜሪካ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ወለሉ እንደ ዳማ ገበታ ጥቁርና ነጭ ነው። ወንበሮቹ ቀይ ፕላስቲክ ለብሰዋል። የባንኮኒው ጠርዝ በሚያብረቀርቅ ብረት ተለብጧል፤ ከፊቱም ሲቀመጡባቸው የሚሽከረከሩ ረጃጅም ዱካዎች ተደርድረዋል። በየጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጁክቦክስ የሚሏት፣ ሳንቲም ስትጎርስ የምትዘፍን ትንሽ ሣጥን አለች። አስተናጋጇ የወረቀት ቆብ ደፍታ፣ ነጭ ሽርጥ አሸርጣ ትመላለሳለች። በርገሩ ከነድንች ጥብሱ መጣ፤ ሚልክሼኩም ከተበጠበጠበት የብረት ኩባያ ጋር። እውነቱን ለመናገር ይጣፍጣል።

አጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ እንግሊዛዊ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ወሬ ጀመርንና «እርስዎ ልጅ ሳሉ እንዲህ ያለ ቤት ነበር ወይ?» አልኳቸው። ሳቁ። እሳቸው ልጅ ሳሉ ሥጋ በኩፖን ነበር።

እውነታቸውን ነው። እንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀመረችውን የምግብ ራሽን ጦርነቱ ሲያልቅ አላቆመችም። ሥጋ ከራሽን የወጣው ጦርነቱ ካበቃ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1954 ነው። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስኳርና ሳሙና የተቀበለ ያገሬ ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አይፈልግም። ዊምፒ የሚባለው የመጀመሪያው የበርገር መሸጫም ለንደን ውስጥ የተከፈተው በዚያው በ1954 ነው። እንግዲህ አሜሪካዊው ጎረምሳ ሚልክሼኩን እየመጠጠ ጁክቦክስ ያዘፍናል በሚባልበት ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ የለንደኑ እኩያው የእናቱን የራሽን ደብተር ይዞ ሥጋ ቤት ደጃፍ ተሰልፏል። በዚያ በርገር ቤት የሚሸጠው ትዝታ የለንደን ትዝታ አይደለም።

ታዲያ የማን ነው? የአሜሪካኖቹ ነው እንዳንል፣ እሱም ቢሆን በኋላ የተሠራ ነው። ዳይነር የሚባለው ነገር አነሳሱ እንዲህ አብረቅራቂ አልነበረም። በ1872 ዋልተር ስኮት የሚባል ሰው በሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት፣ ፕሮቪደንስ ከተማ ውስጥ፣ ፈረስ በሚጎትተው ጋሪ ላይ ምግብ ጭኖ ማታ ማታ ለጋዜጣ ሠራተኞችና ለሌሎች የሌሊት ተረኞች መሸጥ ጀመረ። ሌሎች ቤቶች ተዘግተው ስለሚያድሩ ገበያው ደራለት። ጋሪው እያደገ ሄዶ በፋብሪካ የሚሠራ፣ የባቡር ፉርጎ የሚመስል ረጅምና ጠባብ ቤት ሆነ። እዚያው ፋብሪካ ባንኮኒውና ምድጃው ሁሉ ይገጠምለትና ተጭኖ መንገድ ዳር ይተከላል። ባለቤቶቹ ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ከግሪክ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ ደንበኞቹ ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌሮችና የፋብሪካ ሠራተኞች። በአጭሩ የሠርቶ አዳሪ ምግብ ቤት ነበር።

ከ1960ዎቹ ወዲህ ፈጣን ምግብ ቤቶች ገበያውን ሲወስዱት ዳይነሮች መዘጋት ያዙ። ናፍቆቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1973 «አሜሪካን ግራፊቲ» የተባለው ፊልም ወጣ። በ1974 «ሃፒ ዴይስ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ተከተለ። በ1986 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጆኒ ሮኬትስ ተከፈተ፣ በ1987 ደግሞ ለንደን ሶሆ ሠፈር ውስጥ ኤድስ ኢዚ ዳይነር። አዲስ ቤት ሆነው ሳለ አሮጌ መስለው የተሠሩ ናቸው። ጆኒ ሮኬትስ እያደር እስከ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የገበያ ማዕከላት ድረስ ዘለቀ። ሰው በምድረ በዳ መካከል ተቀምጦ የካሊፎርኒያን ወጣትነት እንዲናፍቅ ተደረገ ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩት ቢያስቅ እንጂ የሚያስቆጣ ነገር የለውም። ሰው በገንዘቡ ያላየውን ቢናፍቅ ምን አገባኝ? የሚያገባኝ ግን አንድ ነገር አለ። እሱም ከዚያች ከምትዘፍነው ሣጥን ውስጥ ነው የሚወጣው።

በእንዲህ ያሉ ቤቶች የማይጠፉት ድምፆች የቻክ ቤሪ፣ የሊትል ሪቻርድና የፋትስ ዶሚኖ ናቸው። ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው። በ1955 እና በ1956 ዘፈናቸው አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያናውጥ ነበር። ነገር ግን በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ሸክላቸው ገብቶ ከሚዘፈንበት ቤት እነሱ ገብተው መብላት አይችሉም ነበር። ድምፅ ይገባል፣ ባለድምፁ ውጪ ይቀራል። ጥቁር ዘፋኝም ሆነ ጥቁር ሐኪም መንገድ ሲወጣ ምግቡን አስቋጥሮ ነው። ቪክቶር ሁጎ ግሪን የሚባል የሐርለም ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ ጥቁር መንገደኛ የትኛው ከተማ የት ቤት መብላትና ማደር እንደሚችል የሚያሳይ መጽሐፍ እያሳተመ ያወጣ ነበር። መጽሐፉ ከ1960ዎቹ አጋማሽ አልፎ ታትሟል። ሁሉም ዳይነር ጥቁር አያስገባም ነበር ማለቴ አይደለም፤ በሰሜን ከተሞች የሚያስገቡ ነበሩ። መንገደኛው ግን የቱ እንደሚያስገባው አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

የባንኮኒው ነገር ፍንትው ብሎ የወጣው የካቲት 1 ቀን 1960 በሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ከተማ ነው። ኢዝል ብሌር፣ ፍራንክሊን ማኬይን፣ ጆሴፍ ማክኒልና ዴቪድ ሪችመንድ የሚባሉ አራት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች ዉልዎርዝ የሚባል ትልቅ መደብር ገቡ። መጀመሪያ ጥቃቅን ዕቃ ገዙ፤ ተሸጠላቸው። ከዚያ እዚያው መደብር ውስጥ ካለው የምግብ ባንኮኒ ሄደው ቁጭ አሉና ቡና አዘዙ፤ ተከለከሉ። ገንዘባቸው በአንዱ ባንኮኒ ገንዘብ ነው፣ በሌላው ባንኮኒ ግን አይደለም። አልተነሡም። በማግስቱ ሌሎችን ጨምረው መጡ፤ በሳምንቱ መጨረሻ በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ነገሩም በየከተማው ተዛመተ። ባንኮኒው ለሁሉም የተከፈተው ሐምሌ 25 ቀን 1960 ነው። በመጀመሪያ ተቀምጠው የተስተናገዱት እነማን መሰሏችሁ? የዚያው መደብር ጥቁር ሠራተኞች ናቸው። ከባንኮኒው ጀርባ ሲሠሩ የኖሩት ሰዎች፣ በዚያ ቀን ዞረው ከፊቱ ተቀመጡ።

በዚሁ በ1960 አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነጻ ወጡ፤ ዲፕሎማቶቻቸውም አሜሪካ ገቡ። ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት አለ፣ ዋሽንግተን ኤምባሲው አለ። በሁለቱ መካከል የሚያመላልሰው ሩት 40 የሚባለው አውራ ጎዳና በሜሪላንድ ያልፋል። ዛሬ ሜሪላንድ የሐበሻ አገር እስኪመስል ድረስ ወገኖቻችን ሞልተውበታል፤ ያን ጊዜ ግን በዚያ መንገድ ዳር ያሉት አብዛኞቹ ምግብ ቤቶች ጥቁር አያስተናግዱም ነበር። በሰኔ 1961 አዲሱ የቻድ አምባሳደር አዳም ማሊክ ሶው የሹመት ደብዳቤያቸውን ለፕሬዝዳንት ኬኔዲ ሊያቀርቡ ሲጓዙ መንገድ ላይ ቡና ፈለጉ። ዳይነር ገቡ፤ ተባረሩ። ጉዳዩ ኋይት ሐውስ ሲደርስ ኬኔዲ በመጀመሪያ «ታዲያ በአውሮፕላን ለምን አይሄዱም?» ዓይነት ነገር ማለታቸው ይነገራል። ምላሿ በይበልጥ የሚታወሰው ግን የዳይነሯ ባለቤት ናት። ሰውየው ተራ ጥቁር መስሎ ነው የታየኝ፣ አምባሳደር መሆኑን በምን ላውቅ? የሚል ነበር ለመጽሔት የሰጠችው መልስ። ጥፋቷ የተሰማት አምባሳደሩን ባለመለየቷ ነው፤ ተራው ጥቁርም ቡና ሊያምረው እንደሚችል አልታያትም።

ይህን ነገር የባልቲሞር ጥቁር ጋዜጠኞች ወዲያው ነቁበት። በነሐሴ 1961 ሦስት ሆነው የአፍሪካ ባለሥልጣን ያስመስለናል ያሉትን ልብስ ለብሰው፣ በትልቅ መኪና፣ በምድር ላይ የሌለ አገር ሹማምንት ነን ብለው ያንኑ መንገድ ተያያዙት። አንዳንዱ ቤት ከለከላቸው፣ አንዳንዱ ግን እጅ ነስቶ አስተናገዳቸው። በራሳቸው ልብስ፣ በሚሠሩበት ከተማ አጠገብ፣ ዜጋ ሆነው የማያገኙትን ምሳ በተውሶ ካባ በሉ። ከዚያ ሰልፉና ድርድሩ ቀጠለ። ሜሪላንድ በ1963 መድልዎን የሚከለክል ሕግ ብታወጣም መላውን ክፍለ ግዛት አልሸፈነም።

በዚያው ዓመት በግንቦት የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰበሰቡ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ጉባኤ ነው። በዚያው ሰሞን በበርሚንግሃም፣ አላባማ፣ ሰልፍ በወጡ ጥቁር ልጆች ላይ ውሻና የእሳት አደጋ ውሃ ተለቆባቸው ነበር። የኡጋንዳው ሚልተን ኦቦቴ ከአዲስ አበባ ሆነው ለኬኔዲ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጉባኤውም በአሜሪካ ስላለው የዘር መድልዎ የተሰማውን ጥልቅ ስጋት በውሳኔው አሰፈረ። የአንድ ስኒ ቡና ነገር የአህጉር አጀንዳ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ምግብ ቤቶች በመላው አሜሪካ ሰው በዘሩ እንዳይመልሱ የሚያዝዘው የሲቪል መብቶች ሕግ ሐምሌ 2 ቀን 1964 ተፈረመ። እንግሊዝም ንጹሕ አልነበረችም፤ በምግብ ቤትና በሆቴል ዘርን መለየት በሕግ የከለከለችው በ1965 ነው።

ከግሪንስቦሮው ባንኮኒ የተቆረጠ አንድ ክፍል ከነዱካዎቹ ዛሬ ዋሽንግተን፣ በስሚዝሶኒያን የታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ማንም አይቀመጥበትም። በዓለም ላይ የተበተኑት አዳዲስ አሮጌ ባንኮኒዎች ግን ማንም ይቀመጥባቸዋል። ይህ መልካም ነው። እኔ ጥቁሩ ለንደን ውስጥ ቁጭ ብዬ በርገሬን በልቻለሁ፤ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች መካከል ግን እኔ እዚያ እንድቀመጥ ያደረጉት ሰዎች አልነበሩም። መኪናው አለ፣ ኮከቧ ተዋናይት አለች፣ ጊታሩ አለ። ወንበሩን ለሁሉም ያስከፈቱት የሉም። እኛ ትዝታ የምንለው ዜማ ቁጭት አለበት፤ ደስታውንና ጉዳቱን አንድ ላይ ነው የሚያነሣው። በእንዲህ ያለው ቤት የሚሸጠው ናፍቆት ግን ጉዳቱ ተለቅሞ የወጣለት ነው።

ፈረንጅ ላይ ብቻ ጣት ቀስሮ ማቆም ደግሞ ደግ አይደለም። የእኛም የባህል ምግብ ቤቶች ላለፈ ክረምት የተሠሩ ናቸው። መሶቡ፣ ቀንዱ፣ ጋሻው፣ የነገሥታቱ ሥዕል፣ አስታጣቢው ሁሉ አለ፤ ከፋዩም ለአንድ ምሽት መኳንንት ይሆናል። በእውነተኛው የቤተ መንግሥት ግብር ግን ሰው የሚገባው እንደ ማዕረጉ በየተራ ነበር፤ ታላላቆቹ ቀድመው፣ ተራው ወታደር ኋላ። እህሉን የፈጩት፣ ውሃውን የቀዱት፣ ጠጁን የጣሉት ሴቶች ከጓዳ አይወጡም። ብዙዎቹም ባሪያ ነበሩ፤ ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። በባህል ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ እነሱም የሉም።

ቤቶቹ ይዘጉ አልልም፤ ክትፎውም በርገሩም ይበላ። ላለፈ ክረምት ቤት መሥራት ካልቀረ ግን፣ ከጣሪያው ሥር ከነበሩት ጋር ውጪ ዝናብ ሲመታቸው ያደሩትም ይቆጠሩ። ልጅ ይዘን ከእንዲህ ያለ ቤት ስንገባ፣ ልጁ የግድግዳውን ሥዕል አይቶ «ያኔ እኛ የት ነበር የምንቀመጠው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ዝም ብለህ ብላ» ከማለት የተሻለ መልስ ሊኖረን ይገባል።